የሕያው ሰው ተዝካር

ጀይሉ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ዋሸ ቢባል ማንም አያምንም፤ የእህል ነጋዴ ነዋ! እሱ ግን ውሸት ብሎ የሚቆጥረው አንዲቷን ብቻ ነው። የቀሩት ንግድ ናቸው።

ኮልፌ ላይ ከሰብስቤ ጋር ጎን ለጎን ሱቅ ነበራቸው። እሑድ ሰብስቤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ጀይሉ ሁለቱንም ሱቅ ይጠብቃል፤ ዓርብ ጀይሉ ወደ መስጊድ ሲሄድ ደግሞ ሰብስቤ። ሁለቱም ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው፣ መጀመሪያ ተሸክመው፣ ኋላ አሸክመው ሰው የሆኑ ናቸው። በአንድ ነገር ግን ሰብስቤ ይበልጣል። ስንዴ ሲገዛ እጁን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኑ ይሰድና ከሥር ያለውን እርጥበት በጣቱ ያውቃል። ከዚያ አንዲት ፍሬ በጥርሱ ይከካል፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ድምፅዋን ያዳምጣል። ደረቅ ስንዴ ቀጭ ይላል። ልጁ ትርንጎ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከእግሩ ሥር ተቀምጣ እሷም አንዲት ፍሬ ትከካለች፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ታዘነብላለች። ገበያተኛው በሳቅ ይሞታል።

ከታኅሣሥ ግርግር በኋላ በነበረው ዓመት ሰብስቤ ከሆለታ የመጣ ስንዴ ውስጥ እጁን ሰዶ “ደረቅ ነው” ብሎ ገዛ። ብዙም ሳይቆይ ጆንያው ሁሉ ሻገተ። ጀይሉ ሊያሾፍበት ሲል ፊቱን አየና ዋጠው። ሰብስቤ ወደ ጓዳ ወሰደው፣ የበራውን ፋኖስ ብርጭቆ በባዶ እጁ ያዘ፤ ቆዳው እያረረ ፊቱ አልተለወጠም።

“አይሰማኝም፣ ጀይሉ” አለው።

የሥጋ ደዌ መሆኑን ለመገመት ሐኪም አላስፈለጋቸውም። የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች በሚታከሙበት በዘነበወርቅ ያገኙት ሐኪም ግን ደግ ሰው ነበር፤ በሽታው መድኃኒት እንዳለው፣ ከዘርም እንደማይወርድ አስረዳቸው። ይሄን ለኮልፌ ሽማግሌዎች ማን ይንገራቸው! ትርንጎ ያኔ ለእትዬ አበበች ልጅ ለፈቀደ ታጭታለች፤ ስሙ ሲነሳ መግቢያ ይጠፋታል። አበበች ደግሞ ሰባት ቤት ዘር አስቆጥራ ነው እሺ ያለችው። ሰብስቤ ነገሩን ከማንም በላይ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ሆኖ ተቀምጦ፣ “ዘራቸው ላይ አለ” ብሎ የአንዲት ልጅ ጋብቻ ያፈረሰ እሱ ራሱ ነው። ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ ከእናቷ ቤት አልወጣችም።

“ካወቁብኝ ልጄ ቆማ ትቀራለች” አለ። “ሞተ በልልኝ።”

“ሰርኬስ? ሚስትህ አይደለችም እንዴ?”

“ሰርኬ እንባዋ ካልመጣ አታለቅስም። እሷም ትቅበረኝ።”

ጀይሉ እምቢ አለ፣ ተቆጣ፣ ለመነው። በመጨረሻ ሁለቱ ጅማ እህል ሊገዙ ወጡ ተባለና ጀይሉ ብቻውን ተመለሰ። ገና ሳይነጋ፣ መርዶ በሚነገርበት ሰዓት፣ የሰብስቤን ኮትና ባርኔጣ ይዞ ደጃፋቸው ላይ ቆመ።

“ጊቤ በላው” አለ። “ሬሳውም አልተገኘም።”

ሰርኬ ደረቷን ስትደቃ ጀይሉም አብሮ አለቀሰ፤ እንባው የእውነት ነበር። ለቀስተኛው “ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው” እያለ አደነቀው።

ዓመቱ ሲወጣ ትርንጎ ተዳረች። ሰብስቤ ዘነበወርቅ ውስጥ ዱባለ በሚል ስም ተቀመጠ። በሽታው ቆመለት፤ ጣቶቹ ግን ተጨብጠው ቀሩ። ጀይሉ ተደብቆ ሊጠይቀው ሲሄድ ገና ከመቀመጡ “ወለደች?” ይለዋል።

“ወለደች።”

“ማንን ይመስላል?”

“አንተን” ማለት ለጀይሉ ይከብደዋል። ሰርኬ ጥቁሯን ሳታወልቅ ሞተች። የቀብሯ ዕለት ሰብስቤ ተከናንቦ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከነዳያን ጋር ተቀምጦ ነበር፤ አስከሬኗ በፊቱ ሲያልፍ ብድግ እንኳ አላለም።

በሰባተኛው ዓመት ትርንጎ የአባቷን ተዝካር ልታወጣ ተነሳች። “አባቴ የእህል ሰው ነበር፤ ለዘነበወርቅ ሕመምተኞች ስንዴ በራሱ ቁና እሰፍርላቸዋለሁ” አለች። ጀይሉ ሊከለክላት ምክንያት አጣ። ለሰብስቤ “እንዳትወጣ” ብሎ ላከበት፤ ያን ሁሉ ዘመን ልጁን በቅርብ ያላየ አባት ይሄን ይሰማል?

ተሰልፎ ጠበቃት። ትርንጎ ቁናውን ከአፉ እስኪፈስ ሞልታ ስልቻው ውስጥ ገለበጠችለት። ሰብስቤ ከጋቢው ሥር ድምፁን ለውጦ “ነፍስ ይማር” አለ። እዚህ ላይ ቢበቃው ምን ነበር! ግን የዕድሜ ልክ ልማድ ነው፤ ሳያስበው አንዲት ፍሬ በተጨበጡት ጣቶቹ አንሥቶ ከካ። ዓይኑ ተጨፈነ፤ አንገቱ ወደ ግራ ዘንበል አለ።

ቁናው ከትርንጎ እጅ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። አማቷ አጠገቧ ቆማለች። ሰብስቤ ዓይኑን ገልጦ አያትና ራሱን በቀስታ ነቀነቀ፤ እባክሽ ማለቱ ነው። ትርንጎ ከጆንያው አንዲት ፍሬ አንሥታ በጥርሷ ከካች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ አንገቷን አዘነበለች።

“ምነው ልጄ?” አለች አበበች።

“ደረቅ መሆኑን ልይ ብዬ ነው፣ እትዬ።”

ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። ጀይሉ ስንዴው የመጣበት ጋሪ ላይ ተደግፎ ሁሉንም አየ።

አንድ ጊዜ ብቻዋን መጥታ የአባቷን በር አንኳኳች። ሰብስቤ ከውስጥ ሆኖ “ልጆች አሉሽ፤ ነገ ይዳራሉ” አላት እንጂ አልከፈተላትም። ከዚያ ወዲያ ሥርዓቱ ሳይጠይቃት በየዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ ስንዴ ጭና ትሄዳለች። አንድ ቁና እስኪሰፈር ድረስ ይተያያሉ፤ ሌላ የላቸውም። ኮልፌ “ልጅ ከተወለደ አይቀር እንደ ትርንጎ ነው” አለ። አበበችም “ከጨዋ ዘር ነው የተዛመድኩት” እያለች ትኮራባታለች።

አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሰብስቤ አርጅቶ ሞተ፤ በዱባለ ስም ተቀበረ። ጀይሉ ሊነግራት ሁለት ሦስቴ ከደጃፏ ደረሰ፤ ውሸቱን ያን ያህል አሳምሮ የተናገረ ሰው እውነቱን ለመናገር አፍ አጣ። እንዲህ ሲል የተዝካሩ ቀን ደረሰ።

ትርንጎ እየሰፈረች ሰብስቤ ከሚቆምበት ቦታ ስትደርስ ማንም የለም። ዞራ ጀይሉን አየችው። ጀይሉ አንዲት ፍሬ አንሥቶ በጥርሱ ያዘ፤ መከካት ግን አልቻለም። አቀረቀረ።

ትርንጎ ቁናውን ባዶው ቦታ ላይ ገለበጠችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የፈሰሰው ስንዴ ላይ ተደፍታ “አባዬ!” ብላ ጮኸች።

“ምን ነካሽ ልጄ?” አለች አበበች ደንግጣ። “አባትሽ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ይሄ ተዝካር ነው እንጂ ልቅሶ ነው?”

“ተያት፣ አበበች” አላት ጀይሉ። “ያኔ በቅጡ አላለቀሰችም።”