የዓለሚቱ ነጭ ጋዝ

ገነቴ ለእረፍት ሆሳዕና ከተማ ስትገባ የጠበቃት ዘመድ ብቻ አልነበረም፤ ባዶ ጠርሙስ የያዘ ጎረቤትም ነበር። አዲስ አበባ በፔትሮሊየም ቴክኖሎጂ ዲፕሎማ ትማራለች ሲባል የሰማ ሁሉ ነጭ ጋዝ ተሸክማ የምትመጣ መስሎታል። ምን ይደረግ፣ ጨለማ ያስመረረው ሰው የማይጠብቀው ነገር የለም። በዚያ ዓመት ነጭ ጋዝ የሚገኘው ከቀበሌው ሱቅ ብቻ፣ እሱም በካርድ፣ በወር አንድ ጠርሙስ ነበር።

እሷ ግን የምትማረው ነገር ለራሷም በወጉ አልገባትም። አስተማሪ መሆን ነበር የምትመኘው፤ ምደባ ነዳጅ ውስጥ ከተታት። ሩሲያዊው መምህር ያወራል፣ አስተርጓሚው ግማሹን ይውጠዋል፣ የተረፈውን እሷ ትሸመድዳለች። ሁለት ዓመት እንዲሁ ሲዞርባት ከርሞ፣ አሁን የመጣችው ለአባቷ "ይብቃኝ" ልትል ነው። አባቷ አቶ ሳህሉ ደግሞ የቀበሌው ሱቅ ዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ በየሄዱበት ስለ ልጃቸው ሳያወሩ አይመለሱም። እንዴት ብላ ትንገራቸው?

ቅዳሜ ጠዋት ለቀበሌ ስብሰባ ግቢው ሲሞላ፣ ጎረቤታቸው ዓለሚቱ ግማሽ ጠርሙስ ጋዝ ይዛ መጣች።

"ገነቴ፣ አንቺ ተምረሻል። ይሄ ከሱቁ የወሰድኩት ጋዝ ፋኖሴን ጥላሸት አለበሰው። የልጆቼን ዓይን በጭስ ጨረሰው። ምን ነክቶት ነው?"

ገነቴ ከደብተሯ ወረቀት ቀደደች፣ አንድ ጠብታ ጠብ አደረገችበትና ፀሐይ ላይ አኖረችው። ንጹሕ ነጭ ጋዝ ተንኖ ይጠፋል፤ ናፍጣ ከተቀላቀለበት ግን የቅባት ክብ ይተዋል። ስብሰባው ሲያልቅ ክቡ ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብሏል።

ያን ጊዜ ነው የደነገጠችው። የሱቁ ጋዝ በርሜሎች ቁልፍ ያለው አባቷ ኪስ ውስጥ ነው። ጋዝ መቀላቀል በዚያን ጊዜ የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል፤ በአሻጥር የተያዘ ሰው ደግሞ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። አባቷ ቀላቅለውት ይሆን? ወይስ ጋዙ ከነናፍጣው ተጭኖ መጥቶ እሳቸውም አያውቁም? አየቻቸው። ፊታቸው ላይ ያለው ኩራት ብቻ ነው።

"እህ፣ ምን ተገኘ?" አለ ሊቀመንበሩ ጓድ ወልደኪዳን።

"ይሄን ገና አልደረስንበትም" አለች ገነቴ። "ሁለተኛ ዓመት ነኝ።"

"ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትማሪ ከረምሽ?" አለች ዓለሚቱ። ሰዉ ሳቀ።

አቶ ሳህሉ ሰው በልጃቸው ሲስቅ ማየት አልቻሉም። "ልጄ ታውቃለች" አሉ። "ገነቴ፣ ንገሪያቸው።"

"አባባ፣ ይተዉት።"

"ንገሪያቸው አልኩሽ። ለዚህ አይደል የላክሁሽ?"

"ናፍጣ አለበት" አለች።

ሁሉም ወደ አቶ ሳህሉ ዞረ። እሳቸው ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለሊቀመንበሩ ሰጡት። "ጎበዝ" አሏት። ያጠፋ ሰው ድምፅ ይሁን ያልጠረጠረ ሰው፣ ገነቴ መለየት አቃታት።

የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ክንዳቸውን ይዞ ከግቢው ሲያስወጣቸው፣ ወደ እሱ ጎንበስ ብለው የሚያወሩት ተሰማት።

"ገና ሁለተኛ ዓመት ናት እኮ" ይሉታል።