ከልጄ ወንበር ጀርባ ያለው ስንጥቅ

የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪያችን የጥናት ሥራ ሲሰጡን፣ «መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ጥያቄ ምረጡ» አሉ። «ከዚያ ለኩ፣ ቀን ጻፉ፣ ደግማችሁ ለኩ። ሰው ጠይቁ። በመጨረሻ ውጤቱን ለሚመለከተው አንብቡ። ያያችሁትን እንጂ የፈራችሁትን አትጻፉ።»

የኔ ጥያቄ ልጄ ከምትሰፋበት ወንበር ጀርባ ነበር። እኔ በዚያው ልብስ ስፌት ቤት አጸዳለሁ። ግድግዳው ላይ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ከወለሉ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። ጫፉን በእርሳስ ምልክት አድርጌ ቀኑን ጻፍኩበት።

«እማ፣ ደብተር አለቀብሽ እንዴ?» አለች ልጄ። ጓደኞቿ ሳቁ።

በሳምንቱ ስንጥቁ ምልክቴን በሁለት ጣት አለፈው። በሁለተኛው ሳምንት በአራት። በሦስተኛው በስንዝር፤ ያን ቀን ጥፍሬ ገባበት።

አለቃውን ጠየቅሁት።

«እማማ፣ ቤትም እንደ ሰው ሲያረጅ ይሸበሸባል» አለኝ። በማግስቱ ስንጥቁ ተደፍኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ጠበቀኝ። ምልክቶቼ የሉም። እውነቱን ለመናገር፣ እፎይ አልኩ። ሐሙስ ጠዋት ግን አዲሱ ቀለም ከላይ እስከ ታች ተተርትሮ ነበር።

የሚመለከተውማ ከሥሩ የተቀመጡትን ነው። መጥረጊያዬን አስቀምጬ ልኬቱን የመዘገብኩበትን ደብተሬን ገለጥኩ። በሃያ ስፌት መኪና ጩኸት መሃል ማን ይስማኝ?

«እማ፣ በሞቴ ተይ! ከሥራ ታስባርሪኛለሽ።»

«ብትባረሪ ይሻላል» አልኳትና ሄጄ የመብራቱን ዋና ማጥፊያ ወደ ታች ሳብኩት።

መኪኖቹ ባንዴ ጸጥ አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ እየነካሁ ጀመርኩ። «ሰኞ፣ ሁለት ጣት። ሰኞ፣ አራት ጣት። ሰኞ...»

«ቆይ እማ» አለች ልጄ። «ምንድነው እሱ?»

ሁላችንም ሰማነው። ከግድግዳው ውስጥ፣ እህል ከቀዳዳ ጆንያ እንደሚፈስ፣ አንድ ነገር እየተንሿሿ ይወርዳል። ስንት ቀን እንዲህ ሲል እንደከረመ እንጃ፤ መኪኖቹ ሲሠሩ ምንም አይሰማም።

ልጄ የጀመረችውን ሸሚዝ ከመርፌው ሥር ጥላ ተነሳች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ የሳቀ አልነበረም። አለቃው «ማነው መብራቱን ያጠፋው?» እያለ ከላይ ከቢሮው በውጭው ደረጃ ሲወርድ፣ የልጄን ክንድ ይዤ ከደጅ ደርሻለሁ።

«አይግቡ!» ብዬ ጮህኩ።

እሱ ግን መብራቱን ሊያበራ ወደ ማጥፊያው ገባ።