የሁዌ አነጋገር በይጁቤ

ሰልማ እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው ቋንቋዋን ልማር የተነሣሁት። ለጽድቅ ብላ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ አላህ አልሰጠኝም፣ ወንድሜ አብዱረዛቅ ደግሞ በዚያ ክረምት ሳንባውን ታሞ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሳናደርሰው መንገድ ላይ አረፈ። ይጁቤ ውስጥ በሱቁና በጓዳው መካከል የቀረነው እኔና የእሱ ሚስት ብቻ ነን።

ሰልማ የቬትናም ሰው ናት። አብዱረዛቅ በወጣትነቱ ጅቡቲ ወርዶ በፈረንሣዮች መርከብ ላይ ወጥ ሠሪ ሆነና ሳይጎን የሚባል ወደብ ብዙ ዓመት ተቀመጠ። ሲመለስ እሷን ይዞ መጣ። ሰልማ ያላትም እሱ ነው፣ ኒካ ሲያስር። ያን ሰሞን የይጁቤ ገበያተኛ ሁሉ ጨው ከእኛ ሱቅ ይገዛ ነበር፤ ጨው አልቆበት እንዳይመስላችሁ፣ እሷን ሊያይ ነው። ቀስ በቀስ አማርኛ ለመደች። «ጠ»ና «ቀ» ግን እስከ መጨረሻው አልወጡላትም፤ እኔንም አንድ ዓመት ሙሉ «አንተ» ስትለኝ ከርማለች።

በእኛ ሃይማኖት ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ እስኪያልቅ ከቤቷ አትወጣም። አራት ወር ከምናምን ነው። ከዚያ ወዲያ የፈለገችበት ትሄዳለች፣ የሚይዛት የለም። ሰልማ ያን ጊዜ ጓዳ ገብታ ዝም አለች። ትሠራለች፣ ትሰግዳለች፣ የሚሏትን ትሰማለች፤ አትናገርም። አንድ ቀን ምስር እየለቀመች ለብቻዋ በቋንቋዋ ስታወራ ሰማኋት። ስገባ አቆመች። ለካስ አብዱረዛቅ ሲሞት የሞተባት ባል ብቻ አይደለም፤ የምታወራው ሰውም ነው። የሚያወራት ካላገኘች ዒዳዋ ባለቀ ማግስት ዕቃዋን ትሸክፋለች አልኩ በሆዴ።

«ቋንቋሽን አስተምሪኝ» አልኳት። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ስትሥቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

እኔም አዋቂ ልምሰል ብዬ ከወንድሜ አፍ የለቀምኳትን አንዲት ቃል ወረወርኩ። «እናት» ማለት ነው፤ «ማ» ይላል፣ ድምፁን ወደ ላይ አንሥቶ። ሣቋ ወዲያው ጠፋ።

«ይሄ ሳይጎን ነው» አለችኝ። «እኔ ሳይጎን አይደለሁም። እኔ ሁዌ። ሁዌ ‹ማ› ታች ይወድካል፣ ጉሮሮ ላይ ይያዛል።»

ከዚያ በዚያች ስብርብር አማርኛዋ ነገረችኝ። አገራቸው ረጅም ነው፤ የላይኛውም፣ የመካከሉም፣ የታችኛውም ሰው አነጋገሩ ይለያያል። ሁዌ መካከል ናት። የሁዌ ሰው ድምፅ ዝቅ ያለና ከባድ ነው፤ ሌላው አገር ይሥቅበታል። አብዱረዛቅ የለመደው የወደቡን ነበር። እሷ በአገሯ አነጋገር ስታወራው «አፍሽ ውስጥ ድንጋይ አለ ወይ?» እያለ ይሥቅ ነበር አለችኝ። እሷም የእናቷን አነጋገር ትታ እስኪሞት ድረስ በሳይጎን ድምፅ አዋራችው። ወንድሜን እንደ ዓይኔ ነበር የምወደው፤ ያን ቀን ግን ተናደድኩበት። አዲስ አበባ ዕቃ ላመጣ ስሄድ የመርካቶ ነጋዴ በጎጃም አነጋገሬ ሲያሾፍብኝ በጣቴ እያሳየሁ ነው የምገዛው። እሷ በገዛ ቤቷ እንዲያ ሆና መኖሯን አላወቅኩም ነበር።

«የሁዌውን ስጪኝ፤ ሌላውን አልፈልግም» አልኳት።

መጀመሪያ ልማረው የመረጥነው እናቷ ማታ ማታ ለእራት ስትጠራት የምትለውን ነው። «ሆዋ ኦይ፣ ቬ አን ከም ቮይ ማ።» ሆዋ እናቷ ያወጣችላት ስም ነው። ሆዋ፣ ነይ ከእናትሽ ጋር ሩዝ ብይ ማለት ነው። ሩዝ ይጁቤ ላይ የት ይገኛል፣ ያው እንጀራ ነው፤ ግን ትጠራበት አልኩ።

ቃሉን መያዙ ቀላል ነበር፤ ድምፁ ነው የገደለኝ። አንዱ ቃል ዝርግ ሆኖ ይሄዳል፣ አንዱ ይንሸራተታል፣ አንዱ ወርዶ ይታነቃል። ከደንበኛ ጋር ተጨቃጭቄ ከሱቅ ስገባ ሁሉም ይወድቅብኛል። «አሁን እየተናደድሽ ነው፤ እራት ንዴት የለም» ትለኛለች። ስታርመኝ ደግሞ እንደ ወጋችን ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ «እህ» እላለሁ፣ አዎ ገባኝ ለማለት። ያ ትንፋሽ የመጨረሻውን ቃል ይውጠዋል። መጀመሪያ እንደመጣች እንዲያ ስል አስም ያለብኝ መስሏት ነበር፤ አሁን ደግሞ አፌን በእጇ ትይዝብኝ ጀመር።

ከሁሉም የባሰው ሐዘኑ ነው። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አትጣራም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ሁሉንም አንሾካሹክ ነበር። «እናቴ ከወንዝ ማዶ ሆና ነው የምትለው» ብትለኝም አልሆነልኝም። በቀብሩ ቀን ሼሁ ሙሾ ከልክለውናል፤ እኔም እሺ ብዬ ለቅሶዬን እንደዋጥኩ ነበርኩ። ጉሮሮዬ የተዘጋው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ዒዳዋ ሊያልቅ ሲል የብርጓል መጣች። የብርጓል የልጅነት ጓደኛችን ናት፣ ክርስቲያን፤ ጉንደ ወይን ነው ያገባችው። የአብዱረዛቅን ሞት የሰማችው ዘግይታ ነው። ነጠላዋን አደግድጋ ከበሩ ላይ «ወንድሜ አብዱረዛቅ» ብላ እንደ አገራችን ወግ ሙሾውን አወረደችው። ጅቡቲ መውረዱን፣ ባሕር መሻገሩን፣ ከገበያ ስትመለስ ሸክሟን መቀበሉን ሁሉ እያነሣች አለቀሰች። ሼሁን ረሳሁ። እስኪመሽ አለቀስኩ፣ ድምፄ ተዘግቶ ሻካራ እስኪሆን።

የብርጓልን ሸኝቼ እራት አቀረብኩ። ሰልማ ጓሮ ነበረች። ሳላስበው በዚያ በደከመ ድምፄ ተጣራሁ። «ሆዋ ኦይ፣ ቬ አን ከም ቮይ ማ።»

እየሮጠች መጣች። ፊቷ የልጅ ፊት ሆኗል። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። ደግሞ ድገሚው አለች። እራቱ ቀዘቀዘ። በሆዴ እንዴት ያለ ደስታ መሰላችሁ፤ አበቃ፣ ከእንግዲህ የኔ ናት፣ የትም አትሄድም አልኩ።

ትንሽ ቆይታ «እትዬ» አለችኝ። «የእናቴን ድምፅ ረስቼው ነበር። ፊቷን አውካለሁ፣ ድምፅዋን ግን ረስቼው ነበር። አሁን ሰማኋት። ዒዳዬ ሲያልክ እሄዳለሁ።»

«ጦርነት ነው አይደል እንዴ አገርሽ?»

«አውካለሁ። እናቴ እዚያ ናት።»

ሁለት ቀን አላናገርኳትም። በራሴ አፍ ነው የሸኘኋት፣ ማንን ልቆጣ? ምነው እንደ ወንድሜ የሳይጎኑን ተምሬ በቀረሁ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ተነሥቼ ስንቋን አዘጋጀሁ።

ዒዳዋ ሲያልቅ ደብረ ማርቆስ ድረስ ወሰድኳት። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል አቅፋኝ በቋንቋዋ ብዙ ነገረችኝ፤ ግማሹ ገባኝ። የገባኝን ያህል መለስኩላት። ተሳፋሪው አፉን ከፍቶ ያየናል። ከዚያ ሄደች።

በስድሳ ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ ሱቅ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ራዲዮኑ ስለ ሁዌ አወራ። በከተማዋ ውስጥ ውጊያ ነው፣ ቤቱ እየነደደ ነው፣ የሞተው ሰው ገና አልታወቀም አለ። ዜና አንባቢው ስሟን እንደ ሳሙና ስም ዝርግ አድርጎ ጠራት። «እንዲያ አይደለም» ብዬ አስተካከልኩት። ጨው የሚገዛው ሰው ሣቀብኝ፤ ከራዲዮ ጋር የምጣላ እብድ መስዬው ይሆናል።

የብርጓል ሰምታ ከጉንደ ወይን መጣች። «ሐዘን እንቀመጥላት?» አለችኝ።

«መርዶ ሳይመጣ እንዴት ይለቀሳል?» አልኳት። ሞታ ከሆነ የሚያረዳኝ ሰው ከዚያ ነው የሚመጣው፣ እሱም በአገሩ አነጋገር ነው የሚነግረኝ። ስለዚህ ሱቁን ዘግቼ የትም አልሄድም። ድንገት ከመጣ በይጁቤ ከእኔ በቀር የሚሰማው የለም።