ባለብርሃኗ መርፌ

ሐኪሙ በመርፌ አይታማም ነበር። ወገቡን የታመመ ሁሉ እሱ እንዲወጋው ይለምናል፤ እጁ ቀላል ነው ይባልለታል። ነገሩ ግን የእጁ ብቻ አልነበረም። መርፌውን ወደ አከርካሪ ሲያስገባ በሽተኛውን በጨዋታ ይጠምደዋል፤ አሁን ምን ተሰማህ፣ እግርህስ ደህና ነው ወይ እያለ እንደ ጎረቤት ያወጋዋል። መርፌው ነርቭ ጋ ከደረሰ በሽተኛው ራሱ ይነግረዋል፣ እሱም መለስ ያደርገዋል። እንዲህ ሲሠራ ነው የሸበተው።

ከዚያ ባለብርሃኗ መርፌ መጣች። በውስጧ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር አለ። ብርሃን በክሩ ወርዶ ሥጋውን ነክቶ ይመለሳል፤ ኮምፒዩተሩም የመርፌዋ ጫፍ ጡንቻ ውስጥ ይሁን ደም ውስጥ፣ ከተመለሰው ብርሃን ለይቶ ያሳያል። መድኃኒቱ የሚለቀቅበት፣ በነርቮቹ ዙሪያ ያለው ስብ ጋ ስትደርስ ስክሪኑ አረንጓዴ ይሆናል። ሐኪሙ በዚያ ዕድሜው እንደ ጎረምሳ በፍቅሯ ወደቀ። ለሌሎች ሐኪሞች እንዲያሳይ ሲጠየቅም ታላቅ እህቱን ይዞ መጣ።

እህቱ ወገቧን ከታመመች ሰነባብታለች። እናታቸው ቶሎ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። አፏ አያርፍም፤ ብቻዋን ብትተዋት ከወንበሩ ጋር ትጣላለች ይሏታል ቤተሰቡ። የዚያን ቀን ክፍሉ በነጭ ጋዋን ተሞልቷል። ሐኪሙ ደረቱን ነፍቶ፣ ዛሬ ወሬ አያስፈልግም፣ ብርሃኑ ሁሉን ያያል፣ እባክሽ ለአንድ ቀን እንኳ አፍሽን ዝጊልኝ አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ጎንበስ አለችለት።

ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፤ መድኃኒቱን ለቀቀው። ሲያበቃ እጁን ያልጨበጠው አልነበረም።

እህቱ ግን ከአልጋው ስትወርድ ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አላት። ወራት አልፈው ዛሬም የእግሯ ጣቶች መሬት ላይ ይጎተታሉ። ተመርምራ ነርቯ መወጋቱ ታወቀ። ነርቭም ስብ ለብሶ ነው የሚኖረው፤ ብርሃኑ ስብ አየ፣ ስብ አለ። ሐኪሙ ይህን ተማሪዎቹን ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። እሷ ለጠየቃት ሁሉ፣ እኔው ተንቀሳቅሼበት ነው ትላለች። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ይህን ይሰማል፣ አፉን ግን አይከፍትም። ፈሪ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ቀን ቤቷ ሄዶ፣ እግሯን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን ድጋፍ ሊያስርላት ተንበረከከ። ማሰሪያውን እንደያዘ ዝም ማለት አልቻለም።

«እታለም፣ አንቺ አልተንቀሳቀስሽም» አላት።

«አውቃለሁ።»

ቀና ብሎ አያት።

«እንደ መብረቅ ያለ ነገር እስከ አውራ ጣቴ ወረደ» አለች። «ልጮህ ነበር። ያ ሁሉ ሰው አንተን ሊያይ መጥቶ፣ ወንድሜን እንዴት ላሳፍረው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አንተ ምን ታደርግ? አላየህም።»

እዚያ ላይ ቢተወው ይቅር ብላዋለች። ደግሞም ከልቧ ነው። ሐኪሙ ይህን ያውቃል፤ እንደ ልጅነቱ ጭኗ ላይ ተደፍቶ ማልቀስ አማረው።

«አይቻለሁ» አላት። «የአልጋውን ጠርዝ ጨምድደሽ ስትይዢ፣ ጣቶችሽ ሲነጡ አይቻለሁ። ምን ሆንሽ ልልሽ ነበር። ሰዎቹ ስክሪኑን ያዩ ነበር፤ እኔም ወደ ስክሪኑ ዞርኩ።»

እህቱ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጁን ከእግሯ ላይ አነሳችና ማሰሪያውን ራሷ ማሰር ጀመረች።