አንድ ለእናቱ የሆነው ማራገፊያ

ባለጀልባው ወደቡ ጋ ሲደርስ ፀሐይዋ መክረር ጀምራለች። ዓሣ የሚራገፍበት ግንብ አንድ ለእናቱ ነው፤ እሱም ግማሹ ተንዶ ባሕር ውስጥ ገብቷል። ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው እርስ በርስ ይፋፋቃሉ፤ ሰዉ ቅርጫት ተሸክሞ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለ ይሰዳደባል። ተራ የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል፤ ጉልበት ያለው ይገባል።

ግንቡን የያዘው የሚስቱ ወንድም ነበር። ዓሣውን አራግፎ ጨርሷል፤ አሁን ሞተሩን እዚያው ፈታትቶ ይጠግናል። ሁለቱ ድሮም ዓይንና ናጫ ናቸው።

ባለጀልባው ንዴቱን ዋጥ አድርጎ ለመነው። በረዶው ቀልጦ ማለቁን፣ ዓሣው ሊበላሽበት መሆኑን ነገረው፤ ጎትቼ ላውጣህም አለው። አማቹ ቀና ብሎም አላየው።

«እህቴን ሰጠንህ። ቦታዬን ግን አታገኛትም» አለው።

ከጀርባው ሠራተኞቹ ማጉረምረም ያዙ። ዓሣው ጠረኑ ተለወጠ። ያኔ የባለጀልባው ደም ፈላ፤ ቢላውን ይዞ በሰው ጀልባ ላይ ተረማምዶ ሄደና የአማቹን ጀልባ ከግንቡ ጋር ያሰረውን የፊት ገመድ ቆረጠው። ፈቀቅ ይልልኛል ብሎ እንጂ ሌላ አላሰበም።

ጀልባው አፍንጫውን ወደ ውጭ አዞረ። ክፍተት ሲጠብቅ የቆየ አንድ ትልቅ ጀልባ ቀዳዳዋን እንዳየ ተወርውሮ ገባ፤ መቆም ሲያቅተው የአማቹን ጀልባ ከግንቡ ጋር አጣብቆ ሰነጠቀው። አማቹ እንደ ምንም ዘሎ ወጣ። ጀልባው ግን ማራገፊያው ሥር ሰጠመ። ከዚያ ወዲያ ማንም የሚያራግፍበት ቦታ አልነበረም።

ወደቡ በአንድ አፍ ባለጀልባውን ረገመው። ሚስቱ ወሬውን ሰምታ ስትመጣ በቀጥታ ወንድሟ ጋ ሄደች፤ የሚደማ ክርኑን በሻርፗ አሰረችለት። ባለጀልባው ተከትሏት፣ እንዲህ ይሆናል ብሎ እንዳላደረገው ሊያስረዳት ሞከረ።

«ገመዱን ስትቆርጥ ወንድሜ ሲጮህብህ አልሰማኸውም?» አለችው።

ሰምቶታል።

ወንድሟን ደግፋ ይዛው ሄደች። ባለጀልባው ተመልሶ ዓሣውን በአካፋ ወደ ባሕሩ መጣል ጀመረ። ሠራተኞቹ እጃቸውን አጣምረው ያዩታል፤ አንድም የሚያግዘው አልነበረም።