የነፍሰ ጡር ክኒን

«ክኒን ትወስጃለሽ?» አለችኝ ነርሷ።

«ኧረ በፍጹም! ምንም አልወስድም» አልኳት ፈጠን ብዬ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደም እንደማይሰጥ ስለሰማሁ፣ እንዳትመልሰኝ ፈርቼ ነው። ደግሞም ፈገግ ብዬ ነበር።

ፊቷ ተቀየረ። «እሱንም እየሳቅሽ ትነግሪኛለሽ?»

«ምን አጠፋሁ ሲስተር?»

«ለምን አትወስጂም? ባለፈው ስንመጣ ለሴቶቹ ብለን ክኒን ሰጥተን አልሄድንም? አይረኑን! ደም በሰጠሽ ቁጥር ብረት ከሰውነትሽ ይወጣል። በምን የሚተካ መሰለሽ?»

የምን ክኒን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ቀጥሎ ጣቴን ወግታ ያወጣችውን የደም ጠብታ ሰማያዊ ውሃ ወዳለበት ብልቃጥ ጣለችና «እዪው» አለችኝ። ደህና ደም ይሰምጣል። የእኔ ጠብታ ከላይ ቀረ፤ ትንሽ ወዲያ ወዲህ አለ፣ አልወረደም።

«ተንሳፈፈ» አለች። «ዛሬ አትሰጪም። ለራስሽም የሚበቃ የለሽ።»

የጭነት ማመላለሻ ድርጅት የሕግ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ቢሯችን ልደታ ነው፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም አይርቅም። አንድ ሾፌራችን መኪና ተገልብጦበት ደም ጠፍቶ ከተንከራተትን ወዲህ፣ ድርጅቱ በየሦስት ወሩ ደም ሰብሳቢዎችን ይጠራል። የሻይ ክበቡ ወንበሮች ወደ ጥግ ይገፋሉ፣ አልጋዎች ይዘረጋሉ። እኔ አንድም ጊዜ ቀርቼ አላውቅም። በሰው ፊት መናገር ስለማልችል፣ ዝም ብሎ ተኝቶ የሚደረግ ደግ ሥራ ተስማምቶኝ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ዘርግቼ የተነሣሁት ፎቶ ተሰቅሏል።

ብልቃጡን እያየሁ ያለፈውን ዓመት አሰብኩ። ደረጃ ስወጣ የሚያፍነኝ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ እንቅልፍ ወስዶኝ መውረጃዬን ጠመንጃ ያዥን አልፌ የምሄደው። ማበጠሪያው ላይ የሚቀረው ፀጉሬ። ደግሞ ያ ቀን፤ ችሎት ፊት ቆሜ መልስ እያሰማሁ ዓይኔ ጨለመ፣ ድምፄ ጠፋ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዤ ቀረሁ። የክፍላችን ኃላፊ አቶ ሀብተሥላሴ «ፈርታ ነው» አሉ። «ዓይን አፋር ናት፤ ለችሎት የተፈጠረች ልጅ አይደለችም።» የፊታችን ሰኞ የሚሰማውን መዝገቤን ወስደው ለባልደረባዬ ለበዕውቀቱ ሰጡት። እኔ ከሰኞ ጀምሮ ወረቀት ማደራጀት ነው ሥራዬ፤ ችሎት መቆም ቀረ።

እኔም አምኛቸው ነበር። ይሄ ነው ደሜን ያፈላው። ትምህርቴን የተማርኩት ለዚያ ጠረጴዛ ነው፤ ፈሪ ነሽ ሲሉኝ ግን ልክ ናቸው ብዬ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ከኋላዬ የሒሳብ ክፍሏ ፋዮ እጅጌዋን ሰብስባ ተራዋን ትጠብቃለች። እሷም እንደ እኔ አላገባችም።

«ፋዮ፣ እዚህ ክኒን ተሰጥቶሽ ያውቃል?»

«ለእኔ? ጀለሴ፣ እዚህ ቤት ማስቲካ እንኳን የሚሰጠኝ የለም።»

ገንዘብ ያዧ ወይንሀረግ ሻይዋን እየጠጣች ሰማችን። «የአይረኑን ነው? እኔማ ጨረስኩት። እትዬ ሠርካዲስ ናቸው የሰጡኝ። አይ፣ መጀመሪያ ቀን ሽንት ቤት ገብቼ እንዴት እንደደነገጥኩ! ጥቁር! ልሞት ነው ብዬ ባሌን ጠራሁት።»

ወይንሀረግ የሁለት ልጆች እናት ናት። ሌሎቹን ጠየቅኩ። ያገቡት ሁሉ ወስደዋል። ካላገባነው አንዳችንም ክኒኑን አይተነው አናውቅም።

ወይዘሮ ሠርካዲስ የሠራተኛ አስተዳደሯ ናቸው። የደም ልገሳውን ቀን የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው፤ ከእናቴ ጋር ልደታ ማርያም አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። ብስኩትና ለስላሳ እያደሉ አገኘኋቸው።

«እዱዬ፣ ጨረስሽ? ነይ ብስኩት ውሰጂ። ከስተሻል እኮ!»

«እትዬ ሠርካዲስ፣ ለሴቶቹ የተሰጠው ክኒን የት ነው?»

ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቀስ በይ እንጂ ልጄ። እሱ የነፍሰ ጡር ክኒን ነው። ላገቡት ሰጥቻለሁ። የእናንተን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፌ አስቀምጬላችኋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክታገቡ ነዋ!» ሳቁ። እኔ አለመሳቄን ሲያዩ ክንዴን ያዙኝ። «አስቢው እስቲ። ያላገባች ልጅ ቦርሳ ውስጥ ይሄ ቢገኝ ምን ይባላል? ጤና ጣቢያ ለማን እንደሚሰጥ የማያውቅ አለ? እናትሽ ብታገኘውስ? እኔ ስምሽን ነው የጠበቅኩት።»

እንደ ሁልጊዜው «እሺ እትዬ» ብዬ መሄድ እችል ነበር። አፌም ለዚያ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ደሜንስ ማን ይጠብቅ?» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ደሜን ስትወስዱ አግብተሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ፤ ከፍ ብሎ ነበር የወጣው። ወይዘሮ ሠርካዲስ ክንዴን ለቀቁት።

«እዱ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። ቁምሳጥኑን ይክፈቱልኝ።»

«አሁን? በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

ቁምሳጥኑ እዚያው ሻይ ክበቡ ጥግ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተደግፌዋለሁ። ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ከፈቱት። የማኅበሩ ጧፍ፣ የማኅበሩ ኩባያዎች፣ ከኋላቸው በፌስታል የታሰረ የክኒን ክምር። አንዱም አልተነካም። ሰም ሰም ይሸታል። ሰርቀው ቢሆን ኖሮ ቀለል ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን በንጹሕ ልብ፣ እንደ አደራ አስቀምጠውታል። ከዚያች ቁምሳጥን አጠገብ ቆሜ ስንት ጊዜ ራሴ ዞሮ ውሃ እንደጠጣሁ ትዝ አለኝ።

ፌስታሉን አምጥቼ ብስኩቱ ጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

በዕውቀቱ ከአልጋው ላይ ክንዱን እንደታሰረ አንገቱን አቃና። «እድላዊት! እንኳን ማርያም ማረሽ ልንልሽ ነው እንዴ?»

ወንዶቹ ሳቁ። ለአራስ ሴት የሚባለውን ነው ያለኝ።

«አንተ መኪና ቢገጭህ የሚሰጥህ ደም የማን ይመስልሃል?» አልኩት። «ያገቡት ብቻ?»

ነርሷ ከብልቃጧ ቀና ሳትል «መልስላት እንጂ» አለችው።

ፋዮ መጥታ አንድ ፍሬ አነሣች። «በሉ ሽማግሌ ሳይላክ እኔ ልውሰድ» አለች። እሷም ጣቷን ተወጋች። የእሷም ጠብታ ተንሳፈፈ። ከዚያ በኋላ አልቀለደችም፤ እጅጌዋን አውርዳ የሸሚዟን ቁልፍ እስከ ላይ ቆለፈችው።

ነርሷ ክኒኑ ላልደረሰን ሁሉ አወሳሰዱን ነገረችን፤ ካልከበደን በባዶ ሆድ፣ በብርቱካን ወይም በሎሚ፣ ሻይና ቡና ከላዩ ሳይጠጣ። ወይዘሮ ሠርካዲስ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «ለክፉ አልነበረም» ይላሉ ደጋግመው። ለክፉ እንዳልነበረ አውቃለሁ። የባሰ ያናደደኝ እሱ ነው፤ ምን ብዬ ልጩህባቸው? እንዳጽናናቸው አጠገባቸው እንድቀመጥ ይጠብቁኝ ነበር። አልተቀመጥኩም።

ወደ አቶ ሀብተሥላሴ ቢሮ ወጣሁ። የኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ ግድግዳውን ይዤ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። የራሴ ፎቶ ከፊቴ ነበር። ከሚስማሩ አወረድኩትና ይዤው ገባሁ።

«የሰኞውን መዝገብ ይመልሱልኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እድላዊት፣ ተነጋግረን ጨርሰን የለ? አንቺን ለመጉዳት አይደለም። ትፈሪያለሽ፤ ፍርሃት ደግሞ ነውር አይደለም።»

«ፈርቼ አይደለም። ደም አንሶኝ ነው።» ፎቶውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። «ደሙንም የሰጠሁት እዚሁ ነው። እናንተ ናችሁ ያነሣችሁኝ።»

የሆነውን በአጭሩ ነገርኳቸው። ፎቶውን ገለበጡት፣ መልሰው አቀኑት።

«ታዲያ ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽንም?»

«ለእኔስ ማን ነገረኝ?»

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና «ክኒን በአራት ቀን አይሠራም» አሉ። «ሰኞ እንደዚያ ቀን ብትሆኚስ?»

«ተቀምጬ እናገራለሁ።»

«ችሎት ፊት?»

«ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይቻላል። የዚያን ቀን መጠየቅ አፍሬ ነው።»

ስልኩን አንሥተው ለበዕውቀቱ መዝገቡን ይዞ እንዲወጣ ነገሩት።

ቤት ስገባ ክኒኑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጥኩት። እናቴ አይታው ቀጥ ብላ ቆመች። የጠየቀችኝን መልሼላት፣ ብርቱካን ጨምቄ የመጀመሪያውን እሷ ፊት ዋጥኩ።

ሰኞ ጠዋት ዳኛዋ ሲገቡ ከሌሎቹ ጋር ተነሣሁ። ተራችን ደርሶ መዝገባችን ሲጠራ «የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ደም ማነስ ስላለብኝ ተቀምጬ እንድናገር ይፈቀድልኝ» አልኩ። ዳኛዋ ቀና ብለው አዩኝና ፈቀዱልኝ። ተቀምጬ መልሴን እስከ መጨረሻው አሰማሁ።