የደቂቃ ልጅ

"እሱ እኮ የሁላችንም አባት ነበር!" አለች ዳቦ ሻጯ፣ መሐረቧን ዓይኗ ላይ ጭና።

ጠበቃው የሚጠጣው ሻይ ትን አለው። ስሎ ስሎ ትንፋሹ እስኪመለስ ለቀስተኛው ሁሉ ጠበቀው።

"ይቅርታ እናቴ፣" አለ ዓይኑን እየጠራረገ፣ "ይቺን ቃል እባክዎ ፍርድ ቤት እንዳይደግሟት። የሁላችንም አባት ከሆነ ልጅቷ ከእኛ በምን ተለየች?"

ሟቹ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከሦስት ቀን በፊት በጠዋት አውቶቡሱን ሊያስነሣ ገብቶ መሪው ላይ እንደተደገፈ ቀረ። ከኋላው የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛዋ ከትምህርት ቤት ዲሬክተርነት ጡረታ የወጣች ታላቅ እህቱ፣ ሁለተኛዋ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ። ልጁ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው መንግሥት ብቻ ነው። እናቷ እዚያው አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበረች። ሳይፈራረሙ አንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ፣ ወለዱ፤ ልጅቷ አንደኛ ክፍል እንደገባች እናትየዋ ታማ አረፈች። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ግን የአባት ቦታ ባዶ ነው።

"አባትነቱ በፍርድ ካልታወቀ፣" አለ ጠበቃው ወደ ዲሬክተሯ ዞሮ፣ "እርስዎም በሕግ ፊት አክስቷ አይደሉም። ዘመድ የላትም ተብላ ማሳደጊያ ልትገባ ትችላለች።"

"እኔ ነኝ አክስቷ ያልሆንኩት? አፍንጫዋን አላየኸውም?"

"አፍንጫ ቆሞ አይመሰክርም፣ እትዬ። ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ልጄ ብሎ አሳድጓታል? እሷስ አባቴ ትለው ነበር? ዘመድ ጎረቤቱ የእሱ መሆኗን ያውቅ ነበር? ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ነው የምፈልገው።"

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ያልተወራ ደግነት አልነበረም። አንዱ የዋህ ነበር አለ፤ ሌላው ከአፉ ክፉ አይወጣም አለ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው "ትዕግሥቱስ!" ሲሉ ግን ከጥግ በኩል አንዲት ሴት ሳቋን ወደ ሳል ለወጠችው።

ሰውየው በሕይወት ሳለ "ደቂቃ" ነበር የሚባለው። አንድ ደቂቃ እንኳ ሰው አይጠብቅም። አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ ያሳረፈ ተሳፋሪ ሌላኛውን እግሩን ራሱ ያምጣው። የሰፈሩ ሰው ሰዓቱን የሚያስተካክለው በእሱ አውቶቡስ ነበር፤ ከኋላው እየሮጠ የተሳደበም ያው የሰፈሩ ሰው ነው።

"እንዲህ ያለ ምስክርነት ለጻድቅ እንጂ ለአባት አይሆንም፣" አለ ጠበቃው ለዲሬክተሯ በሹክሹክታ። "እውነቱን ያውሩልኝ።"

"በዚህ ቤት ሙት የሚወቅስ የለም!" አለች ዲሬክተሯ፣ ድሮ ተማሪ በምታሰልፍበት ድምፅ። ሁሉም ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ይህን ጊዜ ልጅቷ ብርጭቆ የደረደረችበት ሰሃን ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። ዓይኗ አብጧል።

"አክስቴ፣ ይሄ የምታወሩት ሰውዬ ማነው?"

"አባትሽ ነዋ!"

"አባዬ እንዲህ አልነበረም። አባዬን የሚያውቀው ሰው የለም ማለት ነው?"

ሰሃኑን አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ዲሬክተሯ እቅፍ አደረገቻትና ወደ ለቀስተኞቹ ዞረች።

"እሺ። ያያችሁትን አውሩ፤ ስድብ ግን ይቀነስ።"

ዳቦ ሻጯ መሐረቧን አጥፋ ጡቷ ውስጥ ከተተችው።

"ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እኔን ዓመት ሙሉ ጥሎኝ ሄዷል! ቅርጫቴን ተሸክሜ ስሮጥ በመስታወቱ እያየኝ! እናትየዋ ባረፈች ሰሞን አንድ ቀን ደረስኩበት። ቀይ መብራት ያዘን። ዞር ስል ማበጠሪያውን በጥርሱ ነክሶ ልጅቷን ሹሩባ ይሠራታል። አረንጓዴ በራ። ከኋላ መኪናው ሁሉ ጥሩምባውን ያንባርቃል። 'ኧረ በራ!' ብንለው፣ 'ጠብቁ፣ አላለቀም!' አይለን መሰላችሁ? ደቂቃ! ጠብቁ ሲል!"

"አልተቆጣችሁም?" አለ ጠበቃው እየጻፈ።

"ተቆጣን እንጂ! ሹሩባው ጠማማ ነበር። ሦስት ሴቶች ተነሥተን አፍርሰን እንደገና ሠራነው።"

"እሱስ?"

"እሱማ 'ቶሎ በሉ እንጂ፣ ሰው ይረፍድበታል' አለን።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ወሬው ማቆሚያ አጣ። የወላጆች ስብሰባ ላይ ተሳፋሪ እንደጫነ መምጣቱ፣ በፈተና ከአሥር ዘጠኝ ያገኘች ጊዜ አንዷን ነጥብ ማን ወሰዳት ብሎ መምህሯን ማፋጠጡ፣ ትኩሳት የያዛት ቀን ክሊኒኩ በር ላይ አውቶቡሱን አቁሞ "የቸኮለ በእግሩ ይሂድ" ማለቱ። ጠበቃው የሚመርጠው ምስክር በዛበት።

ጉዳዩ ሲሰማ የለቅሶው ወንበር ገና ለባለቤቱ አልተመለሰም ነበር። ዳቦ ሻጯ ችሎቱ ፊትም "ሙት ወቃሽ አያድርገኝና" ብላ ጀመረች። መጨረሻ ላይ ዲሬክተሯ ቆመች።

"ልጄ ካላት ለምን አላስመዘገባትም?" አሉ ዳኛዋ።

ዲሬክተሯ ወንድሟን በሰው ፊት አምታ አታውቅም። ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ሄዶ ነበር፣ ክብርት ዳኛ። 'ይጠብቁ' አሉት፤ 'ሰው አልጠብቅም' ብሎ ወጣ። በማግሥቱ 'ወረፋ ይያዙ' አሉት፤ ተሰዳድቦ ወጣ። በኋላ እናትየዋ ራሷ ገባች። ጸሐፊው የልጅቷ አባት የት ነው ሲላት፣ 'ውጭ ከዘበኛው ጋር እየተጣላ ነው' አለችው። ጸሐፊውም ይህን የሚጽፍበት ቦታ ስላጣ ባዶውን ተወው።"

"እርስዎ በቦታው ነበሩ?"

"ከዘበኛው ላይ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ።"

ዳኛዋ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከዚያ ልጅቷን በለሰለሰ ድምፅ ጠየቋት።

"አባትሽ ምን ብሎ ነበር የሚጠራሽ?"

"'ቶሎ በይ' ነበር የሚለኝ። ሌላ ስም እንዳለኝ ያወቅኩት ትምህርት ቤት ስገባ ነው።"

ሁለት ቀን ቆይቶ ውሳኔው ተነበበ፤ ልጅቷ የሟች ልጅ ናት። ጠበቃው ዲሬክተሯን እጅ ነሥቶ "እንኳን ደስ አለዎት፣ አክስት ሆኑ" አላት። "ድሮም ነኝ!" አለችው።

ቤት ሲደርሱ ማንም አልነበረም። ጓሮ ገመዱ ላይ የሾፌሩ የሥራ ሸሚዝ፣ ከመሞቱ በፊት ራሱ አጥቦ ያሰጣው፣ ፀሐይና ጤዛ ሲፈራረቅበት ሰንብቶ ደርቋል። ዲሬክተሯ አወረደችውና ካውያውን አሞቀች። ኮሌታውን ተኮሰች፣ ጀርባውን ተኮሰች። እጅጌው ላይ ስትደርስ ልጅቷ ከጎኗ መጥታ ቆመች።

"እሱን ተይው፣ አክስቴ። ጠቅልሎ ነው የሚለብሰው።"

ዲሬክተሯ ካውያውን አቆመች። "ነበር" ብላ አላረመቻትም። እጅጌውን አንሥታ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ እስከ ክርኑ ድረስ ቀስ አድርጋ ጠቀለለችው።